የእንግሊዙ ጠበቃችን ለምን ዘገየ? ስለ ሶሊሲተሮች ሥራ ልናውቀው የሚገባ

መስከረም ላይ የከሰዓት ፈረቃ አልቆ ሰሌዳ ስጠርግ የአንድ ተማሪዬ እናት ስልካቸውን ይዘው ክፍል መጡ። እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ መምህር የሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤ አንባቢ ነው። "ቲቸር፣ እስኪ ይቺን አንብብልኝ" አሉኝ። ባለቤታቸው በርሚንግሃም ነው ያሉት፤ ሐምሌ ላይ የስደተኛነት ወረቀት አግኝተዋል። የባልየው ጠበቃ የላከው ኢሜይል በዋትሳፕ ዞሮ እሳቸው ጋ ደርሷል።

አነበብኩላቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የስደተኞች የቤተሰብ ማገናኛ ደንብ ስለታገደ በተነጋገርንበት መንገድ ማመልከት አንችልም፤ ሌላ አማራጭ ካለ ለማየት ቀጠሮ ያዙ።

እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት አምጡ፣ ፎቶ አምጡ ሲለን ከረመ። አሁን በሩ ተዘጋ ይለናል። ይሄ ሰው ሸጦናል አይደል?" አሉኝ።

የዚያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ግን ይሄ የእሳቸው ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር ባል፣ ሚስት ወይም ወንድም ያለው ሰው ሁሉ ስለማያየው ጠበቃ ያስባል። ስለዚህ ጉዳዩን ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። የተረዳሁት ነገር ይሄ ነው፦ አብዛኛው መዘግየት ክህደት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ከባድ ጫና ላይ ነው። ግን ደግሞ ጠበቃ ሁሉ እኩል አይደለም። በደህናው ጠበቃና በደካማው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት "ዛሬም እየተማረ ነው ወይ?" የሚለው ነው። (ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሶሊሲተር ማነው?

ኬንያ ውስጥ ጠበቃ "አድቮኬት" ነው የሚባለው። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ሁለት ዓይነት ጠበቃ አለ። ሶሊሲተር የሚባለው ኬዙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚይዘው ነው፤ ታሪካችሁን ሰምቶ ይጽፋል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ማመልከቻ ያስገባል፣ ከመንግሥት ጋር ይጻጻፋል። ባሪስተር የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከረው ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

የሥራ ፈቃድ ያላቸው ሶሊሲተሮች ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። የሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤት የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስ.አር.ኤ. ነው። የሥራ ፈቃዳቸው በየዓመቱ ይታደሳል። ቁጥሩ ሲታይ ጠበቃ የሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በንግድ፣ በቤት ሽያጭ፣ በውርስና በመሳሰለው ላይ ነው የሚሠሩት። የስደተኛ ኬዝ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚይዙት ጥቂት ናቸው። የሶሊሲተሮቹ ማኅበር ራሱ እንደሚለው ከአገሩ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአካባቢው እንዲህ ዓይነት ጠበቃ የለውም። መንግሥት ስደተኛውን ሩቅ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሲያስቀምጠው ጠበቃ ፍለጋ በስልክ ብቻ ይሆናል።

ሰኞ ተነገረ፣ ሐሙስ ተዘጋ

የመጀመሪያው ጫና የሕጉ መለዋወጥ ነው። በ2022 አዲስ የዜግነትና የድንበር ሕግ ወጣ። በ2023 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎቹ ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስደተኞችን ወደ ሩዋንዳ የመላክ ዕቅድ ሕገወጥ ነው አለ። በሚያዝያ 2024 ፓርላማው ሩዋንዳ ሰላማዊ አገር ናት የሚል ሕግ አጸደቀ። ሐምሌ ላይ አዲስ መንግሥት ገባና ዕቅዱን ጣለው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ሌላ የድንበርና የጥገኝነት ሕግ ጸደቀ። አንድ ጠበቃ ዓምና ለደንበኛው የሰጠው ምክር ዘንድሮ ስህተት ሊሆን ይችላል።

የእኚያ እናት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ስደተኛነቱ የተረጋገጠለት ሰው የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ያለ ማመልከቻ ክፍያና ያለ ገቢ መስፈርት ማስመጣት ይችል ነበር። ሰኞ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 መንግሥት ይሄን መንገድ ለጊዜው እንደሚያግድ በፓርላማ ተናገረ። ሐሙስ ሴፕቴምበር 4፣ በለንደን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ (በእነሱ አነጋገር 3 ፒ.ኤም.) ተዘጋ። ከዚያ ሰዓት በፊት የገቡ ማመልከቻዎች በድሮው ደንብ ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ነዋሪ በመደበኛው የቤተሰብ ደንብ ነው የሚያመለክተው፦ ለማመልከቻው ብቻ ወደ 2 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ክፍያ፣ የጤና ክፍያ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ ገቢ። ልዩ ችግር ላለበት ሰው ክፍያው እንዲነሳለት ወይም የገቢው መስፈርት እንዲላላለት የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ግን በደንብ የተዘጋጀ ማስረጃ ይጠይቃል።

ስለዚህ ጠበቃው ሁለት ወር ወረቀት ሲጠይቅ የነበረው ለማዘግየት ላይሆን ይችላል። የጋብቻ ማስረጃና የልጅ ልደት ወረቀት የጎደለው ማመልከቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ማንም ሶሊሲተር በሐምሌ ወር ቁጭ ብሎ የሴፕቴምበሩን ሐሙስ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

አንድ ኬዝ፣ ስምንት ሰዓት

ሁለተኛው ጫና ገንዘብ ነው። ለድሃ ሰው መንግሥት ለጠበቃ የሚከፍልበት ሥርዓት እንግሊዝ ውስጥ ከ1949 ጀምሮ አለ። ግን በ2012 የወጣ ሕግ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ብዙ ጉዳዮችን ከዚህ ሥርዓት አስወጣ። የጥገኝነት ጥያቄ ቀረ፤ የቤተሰብ ማገናኘት ወጣ። ዛሬ ለቤተሰብ ጉዳይ ነፃ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ "ልዩ ሁኔታ ነው" ብሎ ለገንዘቡ ራሱ ማመልከት አለበት። ጠበቃው ዋናውን ኬዝ ሳይጀምር ሌላ ኬዝ ይጽፋል ማለት ነው።

የክፍያው መጠንም አለ። የነፃ ሕግ ድጋፍ ታሪፍ ከ1996 ጀምሮ ሳይጨምር ቆይቶ በ2011 ጭራሽ በ10 በመቶ ተቀነሰ። ለአንድ የጥገኝነት ኬዝ የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ለብዙ ዓመታት የተተመነው 413 ፓውንድ ነበር። በሰዓት 50 ፓውንድ ግድም ብናስብ ተማሪዎቼም ያሰሉታል፤ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ሥራው ከዚያ በጣም በብዙ እጥፍ ካልበለጠ በስተቀር ትርፉን ሰዓት ጠበቃው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። የአንድ ሰው የሊቢያ እስር፣ የባሕር ጉዞ፣ አገር ቤት የደረሰበት ነገር በአስተርጓሚ ተተርጉሞ በስምንት ሰዓት ያልቃል? በዚህ ምክንያት ብዙ ድርጅቶች ሥራውን ትተው ወጥተዋል፤ የቀሩት ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ይዘዋል። በ2024 መጨረሻ መንግሥት የስደተኛ ጉዳይ ክፍያን በሰዓት ወደ 65 እና 69 ፓውንድ አካባቢ ለማሳደግ ማሰቡን አስታወቀ። ሥራውን ትቶ የወጣ ጠበቃ ግን በአንድ ማስታወቂያ አይመለስም።

በዚህ ላይ በ2025 ጸደይ የነፃ ሕግ ድጋፉ መሥሪያ ቤት በሳይበር ጥቃት ተመታ። ከ2010 ጀምሮ ያመለከቱ ሰዎች የግል መረጃ እንደተወሰደ በሜይ ወር ይፋ ሆነ። የኢንተርኔት ሲስተሙ ተዘግቶ ጠበቆቹ ማመልከትም ሆነ ክፍያ መጠየቅ በተለመደው መንገድ ሳይችሉ ወራት አለፉ። በእነዚያ ወራት "ጠበቃዬ ጠፋብኝ" ያላችሁ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃቱም አለ። በሴፕቴምበር 2020 ለንደን ሃሮ በተባለው ሰፈር አንድ ሰው ቢላ ይዞ የስደተኛ ጠበቆች ቢሮ ገባ። በኦገስት 2024 በነበረው ሁከት የስደተኛ ጠበቆች አድራሻ "እዚህ ሂዱ" ተብሎ በስልክ ሲዞር ነበር፤ ብዙ ቢሮዎች በራቸውን በጣውላ መትተው ሠራተኞቻቸውን ቤት አዋሉ። ሳንነጋገርበት የምናልፈው ደግሞ የውስጥ ድካም ነው። በየቀኑ የግርፋትና የመደፈር ታሪክ የሚሰማ ሰው ራሱም ይታመማል። እኔ በክፍሌ የልጆችን ታሪክ ስሰማ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ ጊዜ አለ፤ እነሱ ሥራቸው ይሄው ነው።

የሚማር ጠበቃና የማይማር ጠበቃ

ጫናው ይሄ ከሆነ ደካማ ሥራ ሁሉ ይቅር ይባላል ማለት ነው? አይደለም። ሶሊሲተር ፈቃድ ካገኘ በኋላም መማር ግዴታው ነው።

እስከ 2016 ድረስ ደንቡ በሰዓት ነበር፤ በዓመት 16 ሰዓት ሥልጠና። የሙያው ሰዎች ራሳቸው እንደሚናገሩት አንዳንዱ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የማይጠቅመውን ሥልጠና ገብቶ ሰዓት ይሞላ ነበር። መምህር ስለሆንኩ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኛም ጋ ፊርማ ለመሙላት ብቻ የሚገባበት ወርክሾፕ አለ። ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የሰዓቱ ቆጠራ ቀረ። አሁን ሶሊሲተሩ "ሥራዬ ላይ ምን ይጎድለኛል?" ብሎ ራሱን መጠየቅ፣ ያንን መማር፣ የተማረውን መመዝገብና በየዓመቱ ፈቃዱን ሲያድስ ይሄን ማድረጉን ማረጋገጥ አለበት። በነፃ ሕግ ድጋፍ የስደተኛ ኬዝ የሚይዝ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ የማኅበሩን የስደተኛ ሕግ ፈተና አልፎ ብቃቱን በየሦስት ዓመቱ ማሳደስ አለበት።

ይሄ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2015 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኤርትራ አዲስ መመሪያ አወጣ። በዴንማርክ ሪፖርት ላይ ተመርኩዞ አገሩ የተሻሻለ አስመስሎ ነበር፤ ብዙ ኤርትራውያን በዚያ ምክንያት ተከለከሉ። በኦክቶበር 2016 ከፍተኛው የስደተኞች ጉዳይ ችሎት ማስረጃውን መርምሮ ያንን አልተቀበለም፤ ለብሔራዊ አገልግሎት ዕድሜው የደረሰና በሕገወጥ መንገድ የወጣ ሰው በአብዛኛው አደጋ ላይ ነው አለ። ያንን ውሳኔ ያነበበ ጠበቃ ደንበኛውን አዳነ። ያላነበበው ግን የመንግሥቱን መመሪያ ብቻ ይዞ ተረታ። ስለ ኢትዮጵያም እንዲሁ ነው፤ ከኖቬምበር 2020 በፊት የተጻፈ ብቻ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ሊያስረዳ አይችልም።

ከእኛ የሚማሩት ነገር

አንዳንዱ ትምህርት ከሥልጠና አዳራሽ አይገኝም፤ ከእኛ ነው የሚገኘው። የጥገኝነት ኬዝ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው "ታሪኩ እርስ በርሱ ይጋጫል" ተብሎ ነው። ግጭቱ ግን አንዳንዴ የትርጉም ብቻ ነው።

ቀን እንውሰድ። የእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2013 የእነሱ ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ነው። አንዱ ቃለ መጠይቅ ላይ "2013"፣ ሌላው ላይ "2020" ከተጻፈ የማያውቅ ሰው ሰባት ዓመት ዋሸ ይላል። ሰዓትም አለ። "ፖሊሶቹ ከቀኑ 8 ሰዓት መጡ" ያልነው በእነሱ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ አስተርጓሚው ዝም ብሎ "ስምንት ሰዓት" ካለ ጠዋት ሆኖ ይጻፋል። ስምም አለ። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይዘው ሲቀርቡ "ተጋብተናል ይላሉ እንጂ ስማቸው አይገናኝም" ይባላል። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የመጀመሪያ ስም መሆኑን ያልተረዳ ሠራተኛ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠራጠራል።

ጥሩ ሶሊሲተር ይሄን ያውቃል፤ ካላወቀም ሲነገረው ይጽፈዋል። የእኛ ድርሻ መንገር ነው። ለጠበቃ የምትልኩትን ቀን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓት ስትጠቅሱ "ጠዋት"፣ "ከምሳ በኋላ"፣ "ጨለማ ነበር" በሉ። በወረቀቶቻችሁ ላይ የስም አጻጻፍ ልዩነት ካለ፣ ለምሳሌ የካምፑ ማኒፌስት ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ፣ መንግሥት ሳያገኘው እናንተ ቀድማችሁ ለጠበቃው አስታውቁ።

የኮምፒውተሩ ምክር

አዲሱ ፈተና እንደ ቻትጂፒቲ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጠበቆቹ ጊዜ ለማትረፍ እየተጠቀሙበት ነው፤ አደጋም እያመጣባቸው ነው። በጁን 2025 የለንደኑ ፍርድ ቤት ባየው አንድ ጉዳይ ከተጠቀሱት 45 የፍርድ ጥቅሶች ውስጥ 18ቱ ጭራሽ በዓለም ላይ የሌሉ ነበሩ። የሚገርመው፣ ምርምሩን በኮምፒውተር የሠራው ደንበኛው ነበር፤ ሶሊሲተሩ ሳያጣራ ተቀብሎ አስገባው። ዳኞቹ ጠበቆችን በሙሉ አስጠነቀቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት መድፈር ሊሆንና ወደ ፖሊስም ሊመራ ይችላል አሉ።

ለእኛም ትምህርት አለው። ልጆቻችን ዛሬ በስልክ ደብዳቤ ያስጽፋሉ። ታሪካችሁን ለኮምፒውተር ሰጥታችሁ "አሳምርልኝ" አትበሉ። እናንተ ያላላችሁትን ይጨምራል፤ ኋላ ኢንተርቪው ላይ ስትጠየቁ አታውቁትም። የተሰበረ እንግሊዝኛም ሆነ አማርኛ፣ የራሳችሁ ቃል ይሻላል።

ጠበቃውን እንዴት እንፈትን?

አንደኛ፣ መኖሩን አረጋግጡ። ኤስ.አር.ኤ. ድረ ገጹ ላይ የሶሊሲተሮች መዝገብ አለው፤ በስም መፈለግ በነፃ ነው። ሶሊሲተር ያልሆነ የኢሚግሬሽን አማካሪ ከሆነ ደግሞ ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን በተባለው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ሳይፈቀድለት የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው በ1999ኙ ሕግ ወንጀል ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው ማን እንደሆነ እወቁ። ውሉን የፈረሙት ባልየው ከሆኑ ጠበቃው የእሳቸውን ፈቃድ ሳያገኝ ለሚስት እንኳ ዝርዝር መናገር አይችልም። ብዙ ጊዜ "ስጽፍለት አይመልስም" የምንለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባልየው "ለባለቤቴ መረጃ ስጡ" የሚል ፈቃድ በጽሑፍ ይስጡ።

ሦስተኛ፣ ዋጋውንና ሥራውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ጠይቁ። ገንዘብ በግለሰብ ስም በኤምፔሳ ወይም በሐዋላ ላክ የሚል፣ ደረሰኝ የማይሰጥ፣ "መቶ በመቶ ይሳካል" የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም። "ታሪክ እሠራልሃለሁ" የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በ2023 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በድብቅ ቀርቦ እንዲህ የሚሉ ጠበቆችን አጋልጧል፤ ተቆጣጣሪውም ጣልቃ ገብቶ ሥራ አስቁሟል። ውሸቱ ሲታወቅ ግን ጠበቃው ፈቃዱን ነው የሚያጣው፤ ስደተኛው ሕይወቱን።

አራተኛ፣ ቅሬታ ካላችሁ ደንበኛው መጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያቅርብ። በስምንት ሳምንት ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልመጣ ሊጋል ኦምቡድስማን የተባለው መሥሪያ ቤት በነፃ ያየዋል። ችግሩ የታማኝነት ወይም የማጭበርበር ከሆነ ለኤስ.አር.ኤ. ይነገራል።

ለወጣት አንባቢዎቼም አንድ ቃል። "እኔስ ሶሊሲተር መሆን እችላለሁ?" የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ አዲስ መንገድ አለ፦ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙ፣ ሁለት ዓመት የሕግ ሥራ ልምድ፣ እና ሁለት ደረጃ ያለው ፈተና። የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ 360 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። የሁለቱ ፈተናዎች ክፍያ ወደ 5 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል። ቀላል አይደለም። ግን ዲግሪው የግድ የሕግ መሆን የለበትም፤ የሥራ ልምዱም ነፃ ምክር በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ነገ የእኛን ካላንደር ማንም ሳያስረዳው የሚያውቅ ሶሊሲተር ከዚህ ክፍል ሊወጣ ይችላል።

ወደ እናትየው ልመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ቁጭ ብለን ለጠበቃው ሦስት ጥያቄ ጻፍን፤ ባልየው ፈርመው ላኩት። ማመልከቻው ከሴፕቴምበር 4 በፊት ያልገባው በየትኛው ወረቀት ምክንያት ነው? አሁን ያለው መንገድ የትኛው ነው፣ ክፍያው እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል? ለዚህስ ነፃ የሕግ ድጋፍ በልዩ ሁኔታ ልታመለክትልን ትችላለህ?

መልሱ በስድስተኛው ቀን መጣ። የጎደለው የትንሹ ልጅ የልደት ወረቀት ነበር። ቀሪዎቹን ሁለቱን ጥያቄዎችም አንድ በአንድ መልሷል፤ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግም ዘርዝሯል። በሩ አልተከፈተም። እናትየው ግን ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና "እንግዲህ ሰውየው ሥራ ላይ ነው" አሉ። በማግስቱ ጠዋት የልደት ወረቀት ለማውጣት ሰልፍ ይዘው አየኋቸው።